የቱል ቀሚሱ ቋጠሮ

የዓለሚቱ አስከሬን የተገኘው በ1957 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የመሐል ሜዳ ሕዝብ የሚካኤልን ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ ነበር። ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቃ በግንባሯ ተደፍታለች። ነጭ ቀሚሷ ከወገብ በታች ነዶ አልቋል። ሁለት እጆቿ ወደ ጀርባዋ ተጠምዝዘው ቀርተዋል።

በማግስቱ መቶ አለቃ ወሰኔ ከደብረ ብርሃን ሲደርስ ሰፈርተኛው ፈርዶ ጨርሷል፤ ያውም በልብስ ሰፊዋ በወይዘሮ ኮከቤ ላይ።

«ጨርቁ ነው የገደላት» አለች አማከለች፣ ከሟች ጋር የምትኖረው የባሏ እኅት። ዐይኗ በለቅሶ አብጧል። «ሴትዮዋ አዲስ አበባ የፈረንጅ ጨፋሪዎችን ስታለብስ ኖራ መዘዙን እዚህ አመጣችብን።»

«ትናንት ከቤት ስትወጪ ዓለሚቱ ቀሚሱን ለብሳ ነበር?»

«አልለበሰችም። ከጀርባ የሚታሰር ስለሆነ እሰሪልኝ አለችኝ። ታቦቱ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ጥያት ሄድኩ።» በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። «ደስ ብሏት ነበር። ያ ደረቅ ቀሚስ እንደ ባዘቶ ለሰለሰልኝ ስትል ነው የተውኳት።»

«ማን አለሰለሰው?»

«እኔ እንጃ። አልጠየቅኋትም።»

«ወይዘሮ ኮከቤንስ ትናንት አይተሻቸዋል?»

አማከለች ጥቂት አመነታች። «ታቦቱ ሲነሣ ከጎኔ ሆነው እልል ይሉ ነበር። እስክንመለስም አብረን ነበርን።»

የሟች ባል አቶ ዳኜ በበቅሎ እህል የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወደ ሞላሌ መሄዱን፣ ሚስቱንም ተኝታ መተዉን ተናገረ።

«በበዓል ቀን?»

«ቀጠሮ ነበረኝ።»

«መንገድ ላይ ማን አየዎት?»

«ጉም ነበር፣ ጌታዬ።»

መቶ አለቃው የተረፈውን ልብስ አገላበጠ። ወገብና ደረት ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው የላይኛው ክፍል ጠቆረ እንጂ አልነደደም፤ ለመንዝ ብርድ ተብሎ ከውስጥ የበግ ጠጉር ጨርቅ ገብቶበታል። ወሰኔ ያደገው ጠጉር ከምትፈትል እናት ጋር ነው፤ ጠጉርን እሳት በቀላሉ እንደማይይዘው ያውቃል። ከጀርባ ያለው ማሰሪያም እንደተቋጠረ ነው። ቋጠሮውን ሳይፈታ ገመዱን ቆርጦ በመሐረብ ጠቀለለው። ከዚያ ግቢውን ዞረ። በበቅሎዎቹ የእንጨት ገንዳ ጠርዝ ላይ የተያዘ ነጭ ክር አገኘ።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲሄድ የሚያልፉትን ሴቶች አስተዋለ። ወይዘሮ ኮከቤ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የከተማዋ ወጣት ሴቶች ወገቡ የጠበቀ፣ ከታች የሰፋ ቀሚስ ለምደዋል፤ ጠጉራቸውንም ከማጅራታቸው ሰብስበው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ዛሬ ግን ብዙዎቹ በጋቢ ተሸፋፍነዋል።

«ባሌት ይባላል ጭፈራው» አሉ ወይዘሮ ኮከቤ። «የምታስተምር ፈረንጅ ዘንድ ሰባት ዓመት ሰፍቻለሁ። ድሮ ልብሱ መሬት የሚጠርግ ከባድ ነበር አሉ። እግር እንዲታይ፣ ዝላዩም እንዲቀል እያሉ አሳጠሩት። ኋላ ይኼን መረብ የመሰለ ስስ ጨርቅ፣ ቱሉን ደራረቡበት። ታዲያ በድሮው የመድረክ ፋኖስ እየተያያዘ ስንት ልጅ ፈጅቷል!»

«ይህን እያወቁ ሰፉላት?»

«እንዲሁ አልሰጠኋትም! እሳት የሚከላከል ዱቄት በጥብጬ ነክሬዋለሁ። ዱቄቱ ጨርቁን ያደርቀዋል፤ ጨፋሪዎቹም ሻከረን እያሉ ይጠሉት ነበር።» ከዚያው ቱል የተረፈ ቁራጭ አወጡና ክብሪት ለኮሱበት። ጠቆረ፤ አልነደደም።

«ውሃ ቢነካውስ?»

ወይዘሮ ኮከቤ ክብሪቱን አስቀመጡ። «ዱቄቱ ታጥቦ ይሄዳል። ውሃ ከነካው እሳት ይይዘዋል ብዬ አደራ ብያለሁ እኮ።»

«ለማን?»

«ለዳኜ። ቀሚሱን የወሰደው እሱ ነው። እሷ ያኔ ዘመሮ፣ እናቷ ዘንድ ነበረች።» አንገታቸውን ደፉ። «ከፋሲካ በኋላ ልብስ ስፌት ልትሠራ አብራኝ አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር። ለባሌ ነግሬዋለሁ ብላኛለች።»

ከሰዓት በኋላ ወሰኔ ሦስቱን በሟች ቤት ሰበሰባቸው።

«ይህ ቀሚስ በቀላሉ የሚነድ አልነበረም» ሲል ጀመረ። «የነደደው ስለታጠበ ነው፤ የለሰለሰውም ስለታጠበ ነው። ያጠበችው ዓለሚቱ አይደለችም፤ ለስልሶ ስታገኘው ተደስታለች። ውሃ እንደሚያበላሸው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ወይዘሮ ኮከቤና አቶ ዳኜ። ወይዘሮ ኮከቤ ግን ትናንት ታቦቱ ዘንድ ነበሩ። የቱሉ ክር የተያዘውም በአቶ ዳኜ በቅሎዎች ገንዳ ላይ ነው።»

«ማንም ገብቶ ሊያጥበው ይችላል!» አለ ዳኜ።

«ይችላል። ግን ዓለሚቱ የለበሰችው አማከለች ከወጣች በኋላ ነው። ማሰሪያው ከጀርባ ስለሆነ ለብቻዋ አትደርስበትም። የሆነ ሰው አስሮላታል።» መሐረቡን ፈታና ቋጠሮውን አማከለች መዳፍ ላይ አኖረው። «ሴቶቹ ሲያስሩ አንዱ ጫፍ ሲሳብ እንዲፈታ አድርገው ነው። ይኼኛው ሁለቴ ተመልሶ የተቆለፈ ነው። ታውቂዋለሽ?»

አማከለች አየችው። ቀና ብላ ወንድሟን አየች።

«የጭነት ቋጠሮ ነው» አለች። «አባታችን ነው ያስተማረው። በዚህ አገር ከዳኜ በቀር እንዲህ የሚያስር የለም።»

ዳኜ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ቀሚሱ እንዲጠፋ ነበር የፈለግሁት! ያን ከለበሰች ወዲህ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ከተማው እያየኝ ጥላኝ ልትሄድ!»

«ቀሚሱን ከሆነ የጠሉት ሳጥን ውስጥ ሳለ ማቃጠል ይችሉ ነበር» አለው ወሰኔ። «እርስዎ ግን ሞላሌ ሄድኩ ብለው፣ እኅትዎ ስትወጣ ተመልሰው አለበሷት። እጇን ወደ ጀርባ ጠምዝዛ ብትታገልም እንዳይፈታላት አድርገው ቋጠሩባት። ከዚያ ፍሙን ጣሉበት።»

ከመቶ አለቃው ጋር የመጡት ፖሊሶች ዳኜን ይዘው ወሰዱት።

ሁለቱ ሴቶች በቤቱ ቀሩ። «አስሬላት ሄጄ ቢሆን ኖሮ…» አለች አማከለች።

«እኔስ? የውሃውን ነገር ለዳኜ የነገርኩት በገዛ አፌ ነው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ኮከቤ። አማከለች ተጠግታ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

በዚያ ሳምንት ወይዘሮ ኮከቤ በከተማዋ የሰፉትን ቀሚስ ሁሉ አስመጡ። የሁሉንም ማሰሪያ ከጀርባ ፈትተው ወደ ፊት አዞሩት፤ ማንኛዋም ሴት በገዛ እጇ እንድትፈታው።