ጋሽ ብሎን ይመለስ

ሰኞ ጠዋት እንደ ማንኛውም ሰኞ ጠዋት ነበር። እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሱሪ ጫፍ ታጥፋለች፤ ፔዳሉ በየሦስት እርግጫው ሲጥ ይላል። ልጅቱ አንድ እግሯ ካልሲ ለብሶ፣ ሌላው ባዶውን፣ አልጋው ሥር አጎንብሳ ሁለተኛውን ካልሲ ትፈልጋለች። ሻይዋ ጠረጴዛው ላይ እየቀዘቀዘ ነው። መስኮቱ ተከፍቷል። ከመንገዱ ማዶ የትምህርት ቤቱ አጥር ይታያል፤ ከአጥሩ በላይ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አፉን ወደ እነሱ ቤት አዙሯል።

«ካልሲሽ የደንበኞች ወንበር ላይ ነው» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

«ማን አስቀመጠው?»

«ራሱ ሄዶ ይሆናል። አንቺን መጠበቅ ሰልችቶት።»

ልጅቱ እየሳቀች ካልሲዋን አጠለቀች። ሻይዋን በሁለት ጉንጭ ጨረሰች፤ ሁለት እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ ሻጥ አደረገችና ደረጃውን በሩጫ ወረደች። በእነዚህ ሁለት እስክሪብቶዎች ምክንያት ትምህርት ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «እስክሪብቶ» ነው የሚሏት።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት።

«መታወቂያ።»

«ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቁኛል እኮ።»

«እሱ በፊት ነው። አሁን ተፈላጊ ሆነሻል። ሰውየውን የት አደረስሽው?»

የትኛውን ሰውዬ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ላለፉት አሥራ አራት ሳምንታት፣ አርብ አርብ በአራት ሰዓቱ እረፍት፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ እሷ የምትጽፈውን ተከታታይ ታሪክ በድምፅ ማጉያ ሲያሰማ ቆይቷል። ባለታሪኩ ጋሽ ብሎን ይባላል። ብስክሌት በሉት፣ ቧንቧ በሉት፣ ሬዲዮ በሉት፣ አልዘጋ ያለ በር በሉት፣ ሁሉንም ይጠግናል። ጠግኖ ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። «ይቺስ ከየት ወጣች?» ሲሉት «እኔም አላውቅ፤ ያለሷ ይሻለዋል» ይልና ኪሱ ይከታታል። ዕቃው ከበፊቱ የተሻለ ይሠራል። አንዴ የከንቲባውን ወንበር ሲጠግን ሦስት ብሎን ተረፈው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከንቲባው ስብሰባ ማሳጠር ጀመሩ። ጋሽ ብሎን ወደ ሱቁ ሲሄድ ያፏጫል፤ ሲመለስም ያፏጫል።

ባለፈው አርብ የመጨረሻው ክፍል ተነበበ። በሱቁ ደጃፍ ብስክሌቶች ተሰልፈዋል። በሩ ዝግ ነው። ጎረቤቲቱ ወጥታ «ዛሬ አይመጣም» አለች። «ነገስ?» አሏት። «ነገም» አለች። አለቀ።

እስክሪብቶ ግቢ ውስጥ ስትገባ «ጋሽ ብሎን ይመለስ» የሚል ጽሑፍ በየክፍሉ ሰሌዳ ላይ፣ በመጸዳጃ ቤቱ በርና በኳስ ሜዳው ግብ ቋሚ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ጠበቃት። ስምንተኛ ክፍሎች የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊርማ አሰባስበው አስረከቧት። በኋላ ስታየው ሦስቱ ጋሽ ብሎን ራሱ የፈረማቸው ናቸው፤ አንዱ ደግሞ የዕቃ ቤቷ ድመት መዳፍ ነው። ከቁጥር ውጪ ስለ ምንም ነገር ተናግረው የማያውቁት የሒሳብ መምህር እንኳ ደብተሯን ሲመልሱላት፣ ከቤት ሥራው ግርጌ በቀይ እንዲህ ጽፈውበት ነበር፦ «ስለ ጋሽ ብሎን። መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስሌቱ ግን አልታየም።»

በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ተሰልፋ ሳለ ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

«ውድ አድማጮች» አለ አንድ የታወቀ ወፍራም ድምፅ። «ጥያቄያችሁ ተሰምቷል። የፊታችን አርብ የጋሽ ብሎን አዲስ መጨረሻ ይቀርባል።»

ግቢው በጩኸት ተናወጠ። እስክሪብቶ ውኃዋን ሳትጠጣ ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ሄደች። ክፍሉ ቁም ሣጥን ያህላል፤ ውስጡ አንድ ማይክ፣ አንድ የተሰበረ የካርታ ሉልና ነጎድጓድ አሉ። ነጎድጓድ የክፍሏ ልጅና ጓደኛዋ ነው። ድምፁ ከእኩዮቹ ሁሉ ቀድሞ ስለጎረነነ ታሪኩን የሚያነበው፣ ፉጨቱንም የሚያፏጨው እሱ ነው።

«ከመቆጣትሽ በፊት ስሚኝ» አላት።

«ከተቆጣሁ ቆየሁ።»

«በሩን ሊሰብሩት ነበር። ስምንተኛ ክፍሎች እኮ ናቸው፣ አታውቂያቸውም? አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።»

«እኔን መጠየቅስ? ታሪኩ የኔ ነው።»

«ያንቺማ ነው። ግን አሥራ አራት አርብ ሙሉ ጆሯችንን ሰጥተንሻል። እኛ ምንም ድርሻ የለንም?»

ነጎድጓድ መልሷን ሳይጠብቅ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ደግሞ እንዳይከብድሽ ብዬ እኔ ጀምሬልሻለሁ።»

በነጎድጓድ ጽሑፍ ጋሽ ብሎን በሄሊኮፕተር ይመለሳል። ሄሊኮፕተሯ ከደመና በላይ ሳለች ሞተሯ ይጠፋል። ጋሽ ብሎን በኪሱ ባከማቻቸው ብሎኖች ጠግኗት ልክ በእረፍት ሰዓት ኳስ ሜዳው ላይ ያሳርፋታል።

«አየር ላይ ቆማ ነው የሚጠግናት?» አለች እስክሪብቶ።

«ቆማ አይደለም፤ እየወደቀች።»

ሳታስበው ሳቀች። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ጽሑፉ ያስቃል፤ ቢነበብ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ፈራሚዎች፣ ድመቷም ጭምር፣ ደስ ይላቸዋል። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ መምህርትም ነገሩን በአጭሩ ቆረጡት። «ቃል ተገብቷል፤ ማይኩ አርብ ባዶውን አይከፈትም። ሐሙስ እስከ ምሳ ሰዓት ካመጣሽ ያንቺ ይነበባል፤ ካላመጣሽ የእሱ።»

እስክሪብቶ ለማንም ያልተናገረችው አንድ ነገር ነበር። ፉጨቱን የፈጠረችው እሷ አይደለችም። አባቷ ደረጃውን እያፏጨ ነበር የሚወጣው፤ እያፏጨም ነበር የሚወርደው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ተራ ጠዋት፣ እንደ ልማዱ እያፏጨ ወረደ። እሷ አልጋው ሥር አጎንብሳ ካልሲ ትፈልግ ነበር፤ ቀና አላለችም። በዚያው አልተመለሰም። በሄሊኮፕተርም አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትገባ፣ መንገዱ ጥግ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ኮት ለብሶ መስታወት ፊት ቆሞ ይነጫነጫል።

«ይሄ ኮት የኔ አይደለም» ይላል። «የሌላ ሰው ልክ ነው። ፍቺውና እንደ አዲስ ሥሪው።»

«የት ላይ ነው የያዘዎት?» አለች እናቷ።

«የቱ ጋ አልያዘኝም በይኝ። ሁሉም ቦታ።»

«እስቲ እጅዎን ያንሱ። እዚህ ጋ?»

«አይ።»

«እዚህስ?»

«እሱ ደህና ነው።»

«እዚህ ጋስ?»

«እ... አዎ። እዚያ ጋ። እዚያች ጋ ብቻ።»

ብብቱ ሥር ነበር። እናቷ ኮቱን አስወልቃ ገለበጠችው፤ ስፌቱ ውስጥ የተደበቀውን ሁለት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ አሳየችው። «ረቡዕ ይውሰዱት» አለችው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ቁጣው በርዶለት ሲወጣ በሩ ላይ እስክሪብቶን አያት።

«አንቺ ነሽ ለካ የጋሽ ብሎን ጸሐፊ። እናትሽ እኮ አርብ በአራት ሰዓት መጥቼ ልኬን ውሰጂ ብላት አሻፈረኝ አለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መስኮቱ ጋ ተገተረች።»

እናቷ የወደቀ ስፒል የምትፈልግ መስላ አጎነበሰች። ሰውየው እስኪወርድ ድረስ ስፒሉ አልተገኘም።

«ትሰሚዋለሽ እንዴ?» አለች ልጅቱ።

«ድምፅ ማጉያው ወደኛ ዞሮ፣ ወዴት ልሽሸው?»

«የመጨረሻውንም?»

«የመጨረሻውንም።»

እናቷ ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን በምላጭ ጫፍ መፍታት ጀመረች። ልጅቱ ሁሉንም ነገረቻት፤ ፊርማውን፣ ድመቷን፣ ሄሊኮፕተሩን። ሄሊኮፕተሩ ላይ ሲደርሱ እናቷ ምላጩን አስቀምጣ ሳቀች። ከዚያ መልሳ አነሳችው።

«ልቀይረው ወይስ ልተወው?»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እናቴ። የታሪክ ነገር አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው ሲቆጣ ግን ልብሱን በሙሉ ነው የሚጠላው፤ የሚይዘው አንድ ቦታ ሆኖ ሳለ።»

ክሩን አንድ በአንድ እየመዘዘች፣ ዓይኗን ከኮቱ ሳታነሳ፣ «ፉጨቱ ልክ ነው» አለች።

እስክሪብቶ የፊርማውን ወረቀት ይዛ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እስካሁን ቁጥሩን እንጂ ከፊርማው አጠገብ የተጻፈውን በደንብ አላነበበችም ነበር። «ጨካኝ!» ይላል አንዱ። «ብስክሌቴን ማን ይጠግንልኝ?» ይላል ሌላው። «እኔ ግድ የለኝም፤ ግን ጓደኞቼ ስለፈረሙ ፈረምኩ» የሚልም አለ። ከወረቀቱ ጀርባ፣ ከታች፣ በደቃቅና በተንጋደደ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «የማይመለስ ከሆነም ይሁን። ግን ለምን ቻው አላለንም?»

እዚያ ላይ ቆመች። ደግማ አነበበችው። ሳታውቀው እጇ ብብቷ ሥር ገብቶ ነበር።

የቸኮለችበት ቦታ ይሄ ነበር። ከአሥራ ሦስተኛው ክፍል ተነስታ በቀጥታ የተዘጋው በር ላይ ነው የወደቀችው። ከዚያ በፊት የነበረውን ማታ ዘላዋለች፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ስንብት ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ ያን ጠዋት ቀና ብላ አላየችውም። ካላየች ደግሞ መጻፍ ነበረባት። አንዱን እስክሪብቶ ከፀጉሯ መዘዘች። ከጀርባዋ ፔዳሉ በየሦስት እርግጫው ሲጥ ይል ነበር። ገና ብርሃን ሳለ የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሰች፤ ቀደደችው፤ እንደገና ጀመረች። ማክሰኞም ቀደደች። ረቡዕ አልቀደደችም።

ሐሙስ ከምሳ ሰዓት በፊት ነጎድጓድ ቁም ሣጥን በምታህለው ክፍል ውስጥ ቆሞ አነበበው።

«አልተመለሰም» አለ።

«አልተመለሰም።»

«የመጨረሻውን ክፍል አንድ ቃል አልነካሽውም። ከፊቱ ነው የጨመርሽው።»

«አዎ።»

«ይሄ ግን... ይሄ የማታው ነገር...» ወረቀቱን ዘቅዝቆ፣ አቅንቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስምንተኛ ክፍሎች ይገድሉኛል።»

«ሄሊኮፕተርህን አትተዋት። ሌላ ሰው አሳፍርባትና የራስህ ታሪክ አድርጋት። ከሚቀጥለው አርብ ጀምሮ ማይኩ ባዶ ነው።»

ነጎድጓድ ይህን ሲሰማ ስለመገደሉ ማሰብ የተወ መሰለ። «ፉጨቱን የት የት ላይ ላድርገው?»

«ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ። ረዘም አድርገው፤ እየራቀ እንዲሄድ ከማይኩ ሽሽ። ከዚያ በኋላ የለም።»

«ሁልጊዜ ስናበቃ አፏጫለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

አርብ በአራት ሰዓት ግቢው ውስጥ ኳስ የሚጫወት አልነበረም። ነጎድጓድ አነበበ። ማታ ነው፤ ጋሽ ብሎን የአንዲት ልጅ ብስክሌት ጠግኖ ጨርሷል። የተረፈችው ብሎን ከእጁ አምልጣ ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለች። ልጅቷ አጎንብሳ ስትፈልግ እሱ መብራቱን አጠፋፋ፣ ኮቱን ለበሰ፣ «ስታገኚያት ለራስሽ ያዣት፤ በሩን ገርበብ አድርጊው» ብሏት እያፏጨ ወጣ። ልጅቷ ብሎኗን ነክታታለች፤ ጣቷ ጫፍ ላይ ናት። ተወቻት። ቀና አለች። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ጀርባውን አየችው፣ እጇን አወዛወዘች፤ እሱም ዞር ሳይል እጁን አነሳ።

ፉጨቱ ረዘመ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ከዚያ የተዘጋው በር፣ የተሰለፉት ብስክሌቶች፣ ጎረቤቲቱ። «ነገም።»

ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ሁሉም የለመደውን ፉጨት ጠበቀ። አልመጣም። ከስምንተኛ ክፍሎች አንዱ «እሺ» አለ፤ ለማን እንዳለው አይታወቅም። ሌላው «እኔ አሁንም አልተስማማሁም» ብሎ ኳሱን መታ፤ ጨዋታውም ተጀመረ። እስክሪብቶ ከአጥሩ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለውን መስኮት አየች። እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ልጅቱ እጇን አወዛወዘች። እናቷም እጇን አነሳች።

ሰኞ ጠዋት እንደ ማንኛውም ሰኞ ጠዋት ነበር። ፔዳሉ ሲጥ ይላል፤ ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው። ሁለቱም ካልሲዎች ተገኝተዋል። ልጅቱ በሩን ከፍታ፣ ለአፍታ ቆም ብላ ቁልቁል ተመለከተች። ደረጃው ንጹሕ ነው፣ ባዶ ነው። ፉጨት የለም።