ከሞተሩ የተረፈው ብረት

የአስተርጓሚው የገብረጻድቃን ሬሳ ከካዛንቺስ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ በራሱ ሞተርሳይክል ሥር ተገኘ። ጊዜው 1931 ዓ.ም. ነበር፤ የጣሊያን ሹማምንት ቤቶች ገና ኖራ እየተቀቡ ነበር። ቀቢዎቹ ከዳገቱ ላይ ሆነው ሬሳውን አዩ፤ አንዳቸውም ከንፈር አልመጠጡም። ይህ ሰው ለጣሊያኖች ሲያስተረጉም ስንቱን ለገመድ እንደዳረገ ሰፈሩ ያውቃል።

የጣቢያው አዛዥ ካፒታኖ ሪናልዲ ነገሩን ለመቋጨት ጊዜ አልፈጀበትም። የሟቹን ያረጀ ሞተር ፈታትቶ መልሶ የገጠመው ጅብሪል የሚባል የወሎ ልጅ ነው። ወታደሮቹ ጋራዡን ሲፈትሹ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትርፍ ብረት አገኙ። ሳይገጥመው ቀርቶ ሞተሩ መንገድ ላይ ተቆልፎ ሰውየውን ጣለው ተባለ። ጅብሪልን እስኪያምን ገረፉት። አመነ።

ከዚያ በኋላ ነው ሊካሳ የተጠራው። ሊካሳ ከወረራው በፊት የከተማው ፖሊስ መርማሪ ነበር፤ በሚሲዮን ቤት ጣሊያንኛ ተምሯል። አሁን የገበያ ሌባ ያሳድዳል።

ካፒታኖው በመሐረብ የተጠቀለለውን ብረት ሰጠው። «ነገ ጠዋት ይሰቀላል። አንድ የአገሬው ሰው አጣርቶ ተስማማ እንዲባል ነው የፈለግሁህ።»

ሊካሳ ብረቱን ኪሱ ከተተና ወደ ወንዙ ወረደ። ሬሳው ገና አልተነሣም። የሟቹ ፊት ጭቃ ከመንካቱ በቀር አልተላጠም፤ የተፈረከሰው ማጅራቱ ነው። የሞተርሳይክሉ ማርሽ ፎሌ ላይ፣ ከሞተሩ ተላቆ ነበር። ሊካሳ ጎማውን በእጁ አሽከረከረው፤ ያለ ምንም ችግር ዞረ።

የሟቹን ሚስት ጽገረዳን ደጃፏ ላይ አገኛት። ነጠላዋን አልዘቀዘቀችም። ግራ ጉንጯ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ።

«ባልሽ ትናንት ሞተሩን ነድቶት ነበር?»

«ከሰዓት በኋላ እስከ ለገሃር ነድቶ ተመለሰ። የፊት ፋኖሱ አልበራ ብሎት መልሶ ጋራዥ ወሰደው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልመጣም» አለች። «እኔም ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።»

ጅብሪል በጣቢያው ወለል ላይ በሆዱ ተኝቷል። የውስጥ እግሩ ተልጦ መቆም አይችልም።

«ጋሼ፣ ረስቼዋለሁ ብያለሁ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

«ፋኖሱን ሠርቼ በር ላይ አቆምኩለት። መግሪብ ልሰግድ ወደ ጓሮ ገባሁ። ስመለስ ሞተሩም ሰውየውም የሉም፤ ይዞት ሄደ ብዬ ዘጋሁ። ያንን ብረት አላሳዩኝም፤ ‹ረስተሃል በል› ብቻ ነው ያሉኝ።»

ከጋራዡ ጎን የገብረክርስቶስ ወፍጮ ቤት አለ። ታናሽ ወንድሙ ዓምና ጠመንጃ ደብቀሃል ተብሎ ሲሰቀል ያስተረጎመው ገብረጻድቃን ነበር። ገብረክርስቶስ ከነዱቄቱ ወጥቶ እጅ ነሣ።

«ጅብሪል አንድ ዕቃ ሳይገጥም ረስቷል ይባላል» አለ ሊካሳ።

«ምን ይደረግ፣ ልጅ ነው። ያቺ ባዶ ቱቦ ከሌለች ፒስተኑ ምን ይይዘዋል? ያሳዝናል።»

ሊካሳ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ለረጅም ሰዓት በካዛንቺስና በወንዙ መካከል ብቻውን ሲመላለስ ዋለ። ቢናገርም ሰው ይሰቀላል፤ ዝም ቢልም ሰው ይሰቀላል። በመጨረሻ ያላደረገው እንዳይሞት ወሰነ።

አመሻሹ ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ካፒታኖው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጅብሪልን ሁለት ወታደሮች ደግፈው አቆሙት። ሞተሩ ተፈታትቶ ጆንያ ላይ ተዘርግቷል። ሊካሳ በአማርኛ የተናገረውን መልሶ በጣሊያንኛ ይናገር ነበር።

«ተቆልፎ የሚጥል ሞተር ሰውን ወደ ፊት ነው የሚወረውረው። ይህ ሰው የተመታው ከኋላ ነው። ማርሹም ፎሌ ላይ ነበር፤ ሞተሩ ጎማውን አልያዘም። ሞተርሳይክሉ ከነሬሳው ተገፍቶ ነው ቁልቁለቱን የወረደው።»

መሐረቡን ፈታ። ጣት የሚያህል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ነበር።

«ይህ ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያያይዘው ነው። ያለ እሱ ሞተሩ ጨርሶ አይነሣም፤ ገብረጻድቃን ግን ለገሃር ደርሶ ተመልሷል። የሞተሩ የራሱ ይኸው፣ ስንፈታው በቦታው አገኘነው።» አጠገቡ አስቀመጠው፤ የሞተርሳይክሉ ከትርፉ ይቀጥናል። «ትርፉን ውስጡን ብትፍቁት በዘይት የተቦካ ዱቄት ይወጣል። የወፍጮ ሞተር ዕቃ ነው።»

ገብረክርስቶስ ቶሎ ብሎ «ወፍጮዬን የጠገነው እሱ አይደለም? አሮጌው እሱ ዘንድ ቀርቶ ይሆናል» አለ።

«ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ‹አንድ ዕቃ› አልኩህ እንጂ ምን እንደሆነ አልነገርኩህም። ወታደሮቹ ካገኙት ጀምሮ ከመሐረብ አልወጣም፤ ጅብሪል እንኳ አላየውም። ባዶ ቱቦ መሆኑን የሚያውቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ገብረክርስቶስ ዞሩ።

«ጋሼ ገብረክርስቶስ» አለ ጅብሪል፣ «ወፍጮህን በነጻ አልጠገንኩልህም? ለምን እኔ ላይ?»

ገብረክርስቶስ አላፈረም። «ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ። ለአንድ ሰው መድረሱ አይቀርም ነበር። እናቴ ሁለተኛ ልጅ እንድታጣ አልፈለግሁም።»

ጽገረዳ ወደ ገዳዩ ቀረብ ብላ «እጅህ ይባረክ» አለችው።

«ምን አለች?» አለ ካፒታኖው።

ሊካሳ ዓይኑን ሳያርገበግብ «የባሌን ነፍስ ይማር ነው የምትለው» ብሎ በጣሊያንኛ መለሰ።

ካፒታኖው ፈገግ አለ። «ጥሩ ትናገራለህ። ከዛሬ ጀምሮ የሟቹን ቦታ ይዘሃል።» ወደ ጅብሪል ዞረ። «ይህ ደግሞ በሐሰት አምኖ መንግሥትን አታሏል። መንገድ ሥራ ይላክ፤ ድንጋይ ይፍለጥ።»

«መቆም አይችልም እኮ» አለ ሊካሳ።

«ተቀምጦም ይፈለጣል።»

በማግስቱ ገብረክርስቶስ ተሰቀለ። ለእናቱ እንዲነግር የታዘዘው አዲሱ አስተርጓሚ ነው። ወይዘሮ አጸደ በረንዳው ላይ ስንዴ እየለቀሙ ነበር። ሊካሳ ቆሞ፣ የተሰጠውን ቃል ሁሉ ሳያጎድል ነገራቸው። ሴትየዋ አልጮኹም። ከስንዴው ቀና አሉ።

«ገብረጻድቃንም እንዲህ ቆሞ ነበር የነገረኝ» አሉት። «አንተ ግን ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ሊካሳ አልተቀመጠም። አጅበውት የመጡት ወታደሮች በሩ ላይ ቆመው ሴትየዋ ምን እንዳሉ ይጠይቁት ነበር።