በግራ ጭን ላይ ያበራው ነጥብ

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ራስጌው ካለው ጠረጴዛ ላይ የፈሳሽ ሕመም ማስታገሻው ጠርሙስ ባዶውን ቆሟል፤ ክዳኑ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከጠርሙሱ በቀር ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም።

መርማሪዋ ክዳኑን ሞከረችው። ተጭነው ካላዞሩት አይከፈትም።

«ማነው የሚከፍትላቸው?»

«ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነዋ» አለች ሚስትየው። «እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ እኔ ነኝ የምቆልፍለት። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ እህቴ ቤት ነበርኩ።»

«እኔ ለምሳ ብቅ ብዬ አይቼዋለሁ» አለች ሴት ልጁ። «ደህና ነበር።»

ወንድ ልጁ ቱግ አለ። «ምን ያጨቃጭቃል? ራሱ በብርጭቆ ገልብጦ ጠጣው! እኔ ከሳሎን አልተነሳሁም። የፕሮስቴት ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል ከተባለ ወዲህ ‹ፍሬኑ ተበጥሷል፣ የቀረው ቁልቁለት ነው› ይል ነበር።»

«ገብቷል ያለው ማነው?»

«ሐኪሙ» አለች ልጅቷ። እሷ በሆስፒታሉ የምስል ክፍል ባለሙያ ናት። «ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ። የታመመ አጥንት ላይ የሚሰበሰብ መድኃኒት ወጋሁትና ማሽኑ ሥር አስተኛሁት። ግራ ጭኑ እንደ አምፖል በራ።»

«ከጎንም አነሳሻቸው?»

«ከፊትና ከኋላ ብቻ።»

«ልብስስ አስቀየርሻቸው?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «አባቴን ሱሪህን አውልቅ ልበለው?»

መርማሪዋ ተንበርክካ አልጋው ሥር ገባች። ከግድግዳው ጥግ የተወሸቀ፣ አፉ የተቋጠረ ፌስታል ጎትታ አወጣች። ውስጡ ግራጫ ሱሪ አለ።

«ይሄማ ለምስሉ የሄደ ዕለት የለበሰው ሱሪ ነው፤ ጠፋብኝ ብሎኝ ነበር!» አለች ሚስትየው።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲደርስ መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ጠርሙሱን እሳቸው ሊከፍቱት አይችሉም፤ ከፍቶ መልሶ የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ብርጭቆ አልነበረም፤ ታጥቦ ወጥ ቤት ተመልሷል። በብርጭቆ እንደጠጡ ከሳሎን ያልተነሳ ሰው በምን አወቀ?»

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። «ለመነኝ! ‹አንተ ልጅ፣ ገላግለኝ› እያለ እግሬ ላይ ወደቀ። የሰጠሁት ለሚሞት ሰው ነው!»

«የሚሞቱ አልነበሩም» አለች መርማሪዋ፤ ሱሪውንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ግራ ጭኑ ላይ የደረቀ የሽንት እድፍ አለ። «የሚወጋው መድኃኒት በሽንት ነው የሚወጣው። ፕሮስቴቱ የታመመ ሰው ደግሞ ሽንት ያመልጠዋል። ማሽኑ ያየው ይሄን ነው። ከጎን ቢነሳ ነጥቡ ከአጥንቱ ውጭ መሆኑ ይታይ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጭናቸውን ከፍቶ አይቷል፤ አጥንቱ ንጹሕ ነው። ካንሰሩ ከፕሮስቴቱ አልወጣም፤ ይታከም ነበር። እሳቸው ልጃቸው ፊት አመለጠኝ ማለት አፈሩ፤ እሷም ልብስ ቀይር ማለት አፈረች።»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ልጁ እጁን ለካቴናው ሲዘረጋ እናቱ ቀና ብላ አላየችውም። እድፉን በአውራ ጣቷ ትፍቅ ነበር።

«አንተ ሰው» አለች ለሱሪው፣ «ብትሰጠኝ አጥብልህ አልነበር?»