የኅዳር ሚካኤል ተረኛ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር በባተ በአምስተኛው ቀን እሑድ ጧት፣ የጣና ውኃ ከክረምቱ ድፍርስ ጠርቶ፣ የዳርቻው ደንገል ነፋስ አጥቶ ቀጥ ብሎ በቆመበት ሰዓት፣ በባሕር ዳር ከተማ ከሐይቁ አጠገብ ያለችው የቅዱስ ሚካኤል ደብር ቅዳሴዋን ፈጸመች፤ ዲያቆኑም «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን አሰናበተ። ይሁን እንጂ ከቅጥሩ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ የደብሩ ቄሰ ገበዝ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ በወንዶች በር ደረጃ ላይ ቆመው የሳምንቱን ጉዳይ የሚያስታውቁት በዚህ ሰዓት ነበርና።

የትኛው በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ የማን ተዝካር እንደሚወጣ፣ የሰንበቴው ተራ ለማን እንደ ደረሰ፣ የወደቀውን የቅጥር አጥር ለማንሣት ማን ማን አጣና ይዞ እንደሚመጣ፣ ሁሉ የሚሰማው ከእሳቸው አንደበት ነበር። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ግን ሌላ ሸክም ተጨምሮባቸዋል፤ የቀበሌው ስብሰባ፣ የመሠረተ ትምህርቱ ምዝገባ፣ የኅብረት ሱቁ ስኳር የሚታደልበት ቀን ከዚያው ደረጃ እንዲነገር ታዘው፣ መምሬም መልአኩንና ስኳሩን በአንድ ትንፋሽ ያውጁ ነበር። ምእመናኑ ለመልአኩ አማትበው ለስኳሩ ጆሯቸውን ያቀኑ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በዚያ ጧት ግን ከሴቶቹ ወገን፣ ከዝግባው ሥር፣ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች አንዲት ሴት ስኳሩንም ስብሰባውንም አልሰማችም፤ የምትጠብቀው አንድ ስም ብቻ ነበር። እሷም ወይዘሮ ሸዋዬ ትባላለች፤ ትውልዷ ከደቅ ደሴት፣ መኖሪያዋ ሹም አቦ፣ ሥራዋ በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነበር።

ባሏ አቶ አንዳርጋቸው ከይፋት መጥቶ በዚያው ፋብሪካ የሽመና መኪና ጠጋኝ የሆነ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ዋና የማያውቅ ሆኖ ሳለ የደሴት ልጅ ያገባ ሰው ነበር፤ በዚህም ባልንጀሮቹ ሁሉ ያሾፉበት ነበር። በደብሩ የቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበር ገብቶ ዕጣ ሲጣጣሉ ኅዳር ደረሰው፤ ይኸውም ዓመታዊው በዓል የሚውልበት፣ ሁሉም የሚመኘው ወር ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጠላው ተጠምቆ፣ ስሙም ከደረጃው ላይ ተጠርቶ፣ በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የታጠቁ ሰዎች ከፋብሪካው በር ላይ ወሰዱት። «ለጥቂት ጥያቄ ነው፤ ይመለሳል» አሏት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሰው ቢሞት ይቀበራል፣ ቢታሰር ይጠየቃል፤ አንዳርጋቸው ግን አልተቀበረም፣ አልተጠየቀም። ሸዋዬ ስንቅ ቋጥራ ያልቆመችበት የእስር ቤት ደጅ አልነበረም፤ በየደጁም «እዚህ የለም» ከማለት በቀር የነገራት አልተገኘም።

ያን ዓመት ተረኛው በሌለበት፣ ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት ስሙ ሳይጠራ፣ የኅዳሩ ማኅበር በደጀ ሰላሙ ውስጥ በሁሉም መዋጮ ተጠጣ። ሸዋዬም ጠበቀች። የፋብሪካው ፊሽካ ለፈረቃ ሲነፋ ከተቀመጠችበት ሳታውቀው ትነሣለች፤ ከጎንደር መኪና ሲገባ ሥራዋን ጥላ ወደ መንገዱ ታያለች፤ ወጥ ስትሠራ እሱ የሚጠላውን ኮረሪማ እስከዚያ ዘመን አልጨመረችም። በደቅ ሳሉ እናቷ፣ በማዕበል የጠፋ ሰው መቅዘፊያው ሳይገኝ አይለቀስለትም ይሏት ነበር፤ እሷም አላለቀሰችም። ናፍቆቱ ከሥጋዋ ጋር ተዋሕዶ ይኖር ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ግን ማኅበርተኞቹ መከሩ፤ ክፋት አስበው አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ መኖሩ ከበዳቸው። በማኅበሩ ደንብ የሞተ ሰው ቦታ ለሚስቱ ይተላለፋል፤ ስለ ጠፋ ሰው ግን ደንቡ የሚለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሸዋዬ ወይ ወንበሩን በራሷ ስም ትውሰድ፣ ወይ ለሌላ ሰው ይለቀቅ ብለው ላኩባት። እሷም ይህን በሰማች ማግሥት ከደጀ ሰላሙ ሄዳ የመምሬን መስቀል ተሳለመች።

«መምሬ፣ ድግሱን እኔ እደግሳለሁ» አለች፤ «ከደረጃው ላይ የሚጠሩት ስም ግን የእሱ ይሁን።»

መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ የቅጥሩን በር ገልመጥ አድርገው አዩ። ሰው በቤት ውስጥ ለመሰብሰብ የቀበሌ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር፤ ፈቃዱን የሚፈርመው ሊቀ መንበር ሣህሉ ነው፤ አንዳርጋቸው ደግሞ በቀበሌው ዘንድ ፀረ አብዮት የሚል ቅጽል ያለው ሰው ነው። ሽማግሌው ፈሩ፤ መፍራታቸውንም አልደበቁም።

«ልጄ፣ በአንቺ ስም ብጠራው ምን ይጎዳሻል? ድግሱ ያው ድግስ ነው፤ መልአኩም ያው መልአክ ነው።»

«በእኔ ስም ከጠሩት ሞቷል አሉ ማለት ነው» አለች። «እኔ ባሌን በአዋጅ አልቀብርም።»

መልስ ሳይሰጧት ተለያዩ። ሸዋዬም የሚሉትን ሳታውቅ ነበር በዚያ እሑድ ከዝግባው ሥር የቆመችው።

መምሬ የስኳሩን ከተናገሩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የፊታችን እሑድ ኅዳር አሥራ ሁለት የመልአኩ ዓመታዊ በዓል መሆኑን፣ ቅዳሜ ማታ ማኅሌት እንደሚቆም፣ ታቦቱም ከቅዳሴ በኋላ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን እንደሚዞር አስታወቁ። ቀጥለውም ወደ ዝግባው ተመለከቱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«የጽዋው ማኅበር ተረኛ አቶ አንዳርጋቸው ናቸው፤ ማኅበርተኛው ሹም አቦ ከሚገኘው ቤታቸው ይገኝ» አሉ።

አንዲት አሮጊት እልል አሉ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው፤ ሸዋዬም ተንበርክካ ምድሩን ሳመች። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ባሏ በሰው ፊት «ናቸው» ተብሏል፤ «ነበሩ» አልተባለም። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ እንደ ሙሽራ ደስ ብሏት ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ መምሬ ወደ ቀበሌው ተጠሩ። ሣህሉ ጠረጴዛውን እየደበደበ የአብዮቱን ጠላት ስም በአደባባይ የጠሩበትን ምክንያት ጠየቃቸው። እሳቸውም ጥምጥማቸውን አስተካክለው «ተራው የእሱ ስለ ሆነ ጠራሁት፤ ሞቷል ካላችሁ መቃብሩን አሳዩኝና በመጪው እሑድ አርሜ እጠራለሁ» አሉት። ሣህሉም ታናሽ ወንድሙ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤው የተቋረጠበት ሰው ነበር፤ መምሬም ያውቃሉ። ብዙ ከዛተ በኋላ ፈቃዱን ፈርሞ ለቀቃቸው።

ሳምንቱ በደስታ ሽር ጉድ አለፈ። የጎረቤቷ የታንኳ ሠሪው የአብዱልወሃብ ሚስት መሪማ ለእንግዶቹ መቀመጫ ደንገል ታቅፋ መጣች፤ ቅዳሜ ደግሞ ባሏ ያጠመደውን ቀረሶ ዓሣ በቅርጫት አመጣች። ሥጋ በክርስቲያንና በእስላም ቢላዋ ይለያያል፤ ዓሣ ግን ባራኪ ስለማይሻ ከሁለቱም ማዕድ ይገባል፤ ስለዚህ በዚያ ሰፈር ለበዓል የሚሰጣጡት ዓሣ ነበር።

በበዓሉ ቀን ታቦቱ ከገባ በኋላ ማኅበርተኞቹ በየተራ መጡ። ከኋላቸው አንድ የማይታወቅ ሰው፣ ኩታ የለበሰ፣ ጠጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ «ስለ ሚካኤል» አለ። በጽዋ ማኅበር እንዲህ ብሎ የመጣ አይመለስም፤ አለበል እንደሚባል፣ ከማክሰኝት ነጭ አዝሙድ ይዞ ለገበያ እንደመጣ ተናገረና ከበሩ አጠገብ አስቀመጡት። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የአንዳርጋቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ሰውየው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየውና ከዚያ ወዲያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ሸዋዬ ራሷ ቀድታ ሰጠችው፤ ተቀብሎ ሳይቀምሰው አጠገቡ አኖረው። ጠላው አልጣመው ይሆን ብላ አፈረች።

ጽዋው ከዞረ በኋላ መምሬ ለጸሎት ተነሡ። «ተረኛችንን አንዳርጋቸውን ካለበት በሰላም ያምጣልን» አሉ፤ ሁሉም አሜን አለ። ቀጥለው እያንዳንዱ ያረፉበትን ዘመዶች በክርስትና ስማቸው እንዲያስብ አዘዙ። ቤቱ በዝቅተኛ ድምፅ ተሞላ፤ ሁሉም የየራሱን ሙታን ይጠራ ጀመር፤ ሸዋዬም «ወለተ ሚካኤልን» ብላ እናቷን አሰበች። በዚያ መካከል ከበሩ በኩል እንግዳው «ገብረ መስቀልን» ሲል ሰማችው።

አንዳርጋቸው በዓለም የሚጠራበት ስም ነው፤ ከመጠመቂያው የተቀበለው ስም ግን ገብረ መስቀል ነበር። የክርስትና ስም ለነፍስ የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ይህን ስሙን ከይፋት ዘመዶቹ፣ ከንስሐ አባቱና ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ በአገሩ ገብረ መስቀል የተባለ ብዙ ነው፤ ሸዋዬም ይህን አላጣችውም፤ ነገር ግን ሰውየው ስሙን ሲጠራ ዓይኑን ያነሣው ወደ ግድግዳው ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ እሱ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ይህን ስም ማን ነገረዎ?»

አለበል ተነሥቶ ቆመ።

«እሱ ራሱ ነው የነገረኝ እመቤቴ» አለ። «አንድ ክፍል ታስረን ነበር። ተስቦ ገባብን፤ ራሱን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼው ነበር። ‹እዚህ ቄስ የለም፤ የክርስትና ስሜ ገብረ መስቀል ነው፤ አንተ ያዝልኝ› አለኝ። ከተፈታሁ ወዲህ እዚህ በመጣሁ ቁጥር ቤቱን ብጠይቅ ሰዉ ፈርቶ አላውቅም አለኝ። ባለፈው እሑድ ስሙ ከደረጃው ሲጠራ ሰማሁ። ሌላ አንዳርጋቸው ይሆናል ብዬ እያመነታሁ መጣሁ። ፎቶግራፉን ሳይ ግን እሱ ሆነብኝ። አሜን ስትሉ ማለት አቃተኝ።»

«መቼ ነው?»

«በዚያው በሰባ፣ ጥምቀት ሳይደርስ።»

«ብቻውን አልነበረም?» አለች።

«አልነበረም» አላት።

በዚያን ጊዜ በደንገሉ ላይ ተቀመጠችና ያን ሁሉ ዓመት ያቆየችውን ልቅሶ አለቀሰች። ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበቧት፤ መሪማም በጓሮ በር ገብታ ራሷን ደገፈቻት። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ከቤቱ መካከል እንደ ቆሙ ቀሩ። ሰውየውን በሕያዋን መካከል ለማቆየት ብለው ነፍሳቸውን አስይዘው የጠሩት ስም፣ የሞቱን መርዶ ከማክሰኝት ጠርቶ አመጣው። ባይጠሩት ይሻል ነበር ወይ ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ራሳቸውን ይጠይቁ ነበር፤ መልሱንም አላገኙትም።

ቅዳሜ ሸዋዬ ጥቁር ለብሳ ወደ ደጀ ሰላሙ መጣች። በማግሥቱ ሊያውጁ ስለሚገባቸው ነገር በእርጋታ ነገረቻቸው፤ መምሬም የምትለውን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከደረጃው ላይ የሰንበቴው ተራ ተነገረ፤ የጾመ ነቢያት ሰዓታት ተነገረ፤ የቀበሌው ስብሰባም ተነገረ። ከዚያም መምሬ፣ አስከሬን የሌለበት የገብረ መስቀል ጸሎተ ፍትሐት ረቡዕ እንደሚደረስ፣ የማኅበሩም የከርሞ ኅዳር ተረኛ ወይዘሮ ሸዋዬ መሆኗን አወጁ። እሷም ከዝግባው ሥር ቆማ የራሷን ስም ሰማች። ሣህሉ በዚያ ቀን ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር ይባላል።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አዋጆቹን መዝግበዋል፤ ጦርነቶቹን፣ የሹማምንቱን መነሣትና መውደቅ፣ የሞቱትንም ብዛት በግምት አስፍረዋል። በየደብሩ ደረጃ ላይ የተነገረውን ግን ነፋስ ወሰደው፤ በየቤቱም የተጠበቀውን የጻፈ የለም። ሸዋዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች፤ ተራዋ በደረሰ ቁጥርም ደግሳ አበላች። አንድ ቀን የፈረቃው ፊሽካ ሲነፋ ሳትነሣ ቀረችና መሪማ ምን ሆነሽ ነው ብትላት፣ «እሱን መናፈቅማ ለመድሁት» አለቻት፤ «እሱን መጠበቅ ነው የናፈቀኝ።»