ውሃ ያጠጣህ ማን ነው?

በዳርሜዛ ምድር፣ ጠላት ከወንዙ መልካ ላይ በተመለሰበት የድል በዓል ዕለት፣ የአዝማሪዋ የአንጓች ማሲንቆ በንጉሡ ፊት ጭራው ተበጠሰ። «አባ ነበልባል ብቻውን መልካውን ዘጋ» የሚለው ስንኝ ላይ ስትደርስ ነው። በዳርሜዛ ደግሞ ጭራ እንዲያው አይበጠስም፤ ዘፈን ሲዋሽ ነው እንጂ።

ንጉሥ ዋርካዝ ሳቀ። አባ ነበልባል የተባለው አያቱ ነው። «አርጅቶ ነው፤ ለውጪው!»

አንጓች አልሳቀችም። ዘፈኑን የገጠመው የእሷ አያት ነው፤ ማሲንቆውም የእሱ። የአገሩ ሕግ ጨካኝ ነው፦ ውሸቱ የተገለጠ ዘፈን፣ ከተገጠመበት ማሲንቆ ጋር ይቃጠላል።

«ተይው አንቺ ልጅ» አላት ከበሮ መቺው ዘገዩ። «ኋላ በምን ልትበዪ ነው?»

«የውሸት እንጀራ ያንቃል፣ ጋሼ! እውነቱን ሳላገኝ ማሲንቆ ብነካ እጄ ይድረቅ!»

ተያይዘው ወደ ጉርዛም ገደል ወረዱ። በዚያ ሞገሬ የሚባል ክንፋም ዘንዶ ይኖራል፤ በመልካው ጦርነት የወደቁትን ሁሉ ውጦ የመጨረሻ ቃላቸውን በሆዱ ይዟል። አዝማሪ ሁሉ እየመጣ «መልካውን የያዘው ማን ነው?» ይላል፤ ሙታኑም በአንድ ድምፅ «አባ ነበልባል!» ይላሉ።

አንጓችም ጠየቀች። ያንኑ ሰማች።

«በቃ፣ ሰማሽ አይደል? እንሂድ» አለ ዘገዩ።

ደሟ ፈላ። «ወንድ ሲጥልም ሲወድቅም በጌታው ስም ይፎክራል! ፉከራ ከመቼ ወዲህ ነው ምስክር የሆነው?» አለችና በዘንዶው ጥርሶች መሀል ገባች። ሞገሬ አፉን ሊዘጋባት ሲል ዘገዩ ከበሮውን በመንጋጋዎቹ መሀል ሸነቀረበት። ከበሮው መንቋቋት ጀመረ።

«ውሃ ያጠጣህ ማን ነው?» ብላ ጮኸች ወደ ጉሮሮው።

ከሙታኑ አንዱ በቀስታ፣ «ድንቄ ናት፣ እንስራ ተሸካሚዋ» አለ። ሌላው፣ «ሙዳይ ናት። አጠጣችኝና ጦሬን ተቀብላ መልካው ላይ ቆመች።» «እኔንም ወርቂት…» አለ ሦስተኛው።

«አባ ነበልባልስ?»

«የፈረሱን ጅራት ነው ያየነው።»

ዘገዩ ጎትቶ ሲያወጣት ከበሮው ደቀቀ።

አንጓች ተመልሳ አደባባይ ቆመች፤ እሳት አስነደደች፤ የተበጠሰውን የማሲንቆ ጭራ ቀጥላ የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ዘፈነች። እንስራ ያዘሉ ውሃ ቀጂዎች ከአጥሩ ሥር ቆመው ሰሙ። ለካ አያቶቻቸው አገር አድነው፣ የልጅ ልጆቻቸው ለዚያ ሸሺ ዘር እግር ማጠቢያ ሲቀዱ ኖረዋል!

«ሕጉን ታውቂያለሽ» አለ ዋርካዝ ጥርሱን ነክሶ።

«አውቃለሁ ጃንሆይ። እሳቱን ማን ያስነደደው መሰለዎት?»

ማሲንቆዋን ሳመችና ከእሳቱ ጣለችው። የአያቷ እጅ ያለሰለሰው እንጨት ሲንጣጣ እንባዋን አልጠረገችም።

ንጉሡ ፈገግ አለ። ማሲንቆ የለ፣ ከበሮ የለ፤ ዘፈኑ አብሮ የሞተ መሰለው።

አንዲት ውሃ ቀጂ እንስራዋን ከጀርባዋ አወረደች። የንጉሡን ውሃ መሬት ላይ ደፋችው። እንስራውን አቅፋ ሆዱን በመዳፏ መታችው፤ ድም አለ።

«ከመጀመሪያው በይልን፣ እህቴ» አለች። «የአያቴ ስም ላይ ልቤ ደንግጦ ሳልይዘው ቀረሁ።»