ከላይኛው ተዳፋት ሥር

ኢያ ቶርኒኬን መጀመሪያ ያየችው ጉድጓድ ውስጥ ሆና ነው።

በስቫኔቲ ተራሮች የዚያ ዓመት በረዶ ዘግይቶ ጀመረ፤ አንዴ ከጀመረ ግን አላባራም። የኢያ ሥራ በረዶውን መመርመር ነበር። ጠዋት ጠዋት ተዳፋቱን እስከ ደረቷ ትቆፍራለች፤ ንብርብሩን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ከዚያ የናዳውን አደጋ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ደረጃ ለመንደሩና ለተራራ መሪዎቹ ታሳውቃለች። ያን ቀን ቀና ስትል፣ ስድስት እንግዶች በበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ያስከተለ ረጅም ተራራ መሪ ከበላይዋ ቆሟል።

«ሰው የምትቀብሪ መስሎኝ ደነገጥኩ» አላት።

«ትንሽ ወደፊት ከሄድክ የምቀብረው አላጣም።»

እንግዶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከከና «እስቲ አሳዪኝ» አላት።

ከታች፣ መሬቱ ላይ፣ እንደ ስኳር የሚፈርስ ልቅ በረዶ ነበር። ያ ሁሉ ጠንካራ ንብርብር የተቀመጠው በዚህ ላይ ነው። ቶርኒኬ በመዳፉ ዘገነው፤ በጣቶቹ መሃል ሲፈስ አየው።

«ዛሬ እንመለሳለን» አላቸው እንግዶቹን።

የኢያ ልብ ወደ እሱ የሄደው ያኔ ነው።

በዓመቱ ቀለበት አሰሩ። ችግሩም አብሮ ጀመረ። ኢያ አሁን ስትቆፍር ከየንብርብሩ ሥር የቶርኒኬ ፊት ይታያታል። ሁለት መጻፍ ሲገባት ሦስት፣ ሦስት ሲገባት አራት... ቶርኒኬ በየቀኑ እንግዶቹን ይዞ ይመለሳል፤ ተዳፋቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

«ሳታገባህ እንዲህ ቤት ከዘጋችብህ» አለው የሥራ ባልደረባው ጎቻ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከሠርጉ በኋላ በመስኮት ነው የምናይህ።»

ቶርኒኬ እንደ መሳቅ አለ። ማታ ከኢያ ጋር ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ግን ምግቡን አልነካውም።

«ኢያ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የምትለኪው በረዶውን ነው ወይስ ፍርሃትሽን?»

«በረዶውን።»

«አላመንኩሽም።»

እሷም ራሷን ማመን ካቆመች ሰንብታለች።

በረዶው ሦስት ቀን ሙሉ ከነፋስ ጋር ጣለ። በአራተኛው ቀን ኢያ ላይኛው ተዳፋት ጫፍ ላይ ቆፈረች። ከበረዶው ዓምድ ቆርጣ አቆመች፤ አካፋዋን አናቱ ላይ አድርጋ በመዳፏ መታችው። ገና በአራተኛው ምት ከሥሩ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ዓምዱ ቶሎ በወደቀ ቁጥር አደጋው ይከፋል።

የአደጋውን ደረጃ አራት ብላ ጻፈች። ከዚያ የጎቻ ቀልድ ጆሮዋ ላይ መጣባት። ሰረዘችው። ሁለት ብላ ላከች።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ቶርኒኬ ነው፤ ከተዳፋቱ ማዶ ቆሟል።

«ልሂድ?»

«ሂድ» አለችው።

እንግዶቹን ከጎቻ ጋር ዳር አቁሞ፣ መንገዱን ሊፈትሽ ብቻውን ገባ። መሃል ሲደርስ ዱም የሚል ድምፅ ከመሬት ውስጥ ተሰማ። ኢያ የቆመችበት በረዶ ስምጥ አለ። ከዚያ ከበታቿ ተዳፋቱ ለሁለት ተሰነጠቀና ተራራው መንቀሳቀስ ጀመረ። ቶርኒኬ አንድ ጊዜ እጁን አነሳ። ከዚያ አልታየም።

ናዳው ሲቆም ጸጥታው ከጩኸቱ ይብስ ነበር።

ኢያ ደረቷ ላይ የታሰረውን፣ ከተቀበረ ሰው ምልክት የሚቀበለውን መፈለጊያ እያዳመጠች ወረደች። ጢጥ... ጢጥ... ድምፁ ሲፈጥን ከጀርባዋ ረጅም ዘንግ አውጥታ በረዶው ውስጥ ሰካች። አንዴ። ሁለቴ። በስድስተኛው ለስለስ ያለ ነገር ነካ። ጎቻም ደረሰ፤ አብረው ቆፈሩ። ፊቱን ስታገኘው ሰማያዊ ነበር። ከአፉ በረዶውን በጣቷ አወጣች።

«ቶርኒኬ። ተንፍስ። ተንፍስልኝ።»

ቆይቶ ተነፈሰ።

እግሩ በሁለት ቦታ ተሰብሯል። በሦስተኛው ቀን ኢያ ሆስፒታል አልጋው ዳር ተቀመጠች።

«በረዶው አራት ነበር ያለኝ። ሁለት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈሪ እንዳትለኝ ብዬ።»

«ከመግባቴ በፊት እኔም ቆፍሬ ነበር» አላት። «ዓምዱ ገና አካፋውን ሳሳርፍበት ነው የወደቀው። አይቼ ነው የገባሁት።»

«ታዲያ ለምን?»

«ሂድ ብለሽኛላ። ክፉ ቢመጣ... ጥፋቱ ያንቺ እንዲሆን ፈልጌ ነበር መሰለኝ።»

ኢያ ቀለበቱን አውልቃ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ያደረገችውንም ለመሥሪያ ቤቷ ራሷ ተናገረች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሥራ ታገደች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ቶርኒኬ በምርኩዝ ደጃፏ መጣ። ቀለበቱ እጁ ውስጥ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ» አላት። «ከሁለት አንዳችን አይሆንም ካለ፣ አይሆንም። ለምን ተብሎ አይጠየቅም።»

«ብሳሳትስ?»

«ተሳስተሽ እንመለሳለን።»

እጇን ዘረጋችለት።

ሰኔ ላይ ተጋቡ። በቀጣዩ የበረዶ ወቅት ኢያ ሥራዋ ላይ ተመለሰች፤ ቶርኒኬም አይሆንም እየተባለ ከላይኛው ተዳፋት አስራ አንድ ጊዜ ተመለሰ። ዘጠኙን ቀን ምንም ናዳ አልወረደም፤ ጎቻም እንደ ልማዱ ቀለደ። በቀሩት ሁለት ቀናት ናዳው ሲወርድ ባልና ሚስቱ ከቤታቸው መስኮት ጎን ለጎን ቆመው አዩት። የበረዶው ጭስ እስኪበተን ድረስ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበሩ።