የተላጨሁት የሐዘን ፂም

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ነበር፣ ማለቴ ሰው ሲያወራ እስቃለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ደግሞ ከእኔ ብሶ ይስቅ ነበር። ይህ የገጠመኝ እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ አርባው ገና ሳይወጣ።

ሀብታሙ የሚባል አብሮ አደጉ አለ፣ የቂርቆስ ልጅ፣ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር መሞቱን አልሰማም። ኔትወርክ ሲያገኝ ድንገት ደወለና ነገ ጠዋት አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ለሶል ብደውል ስልኩ ዝግ ነው አለኝ። ምን ልበለው? መርዶ በስልክ አይነገርም። የዕድራችንን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰን ጠየቅኳቸው።

"ከነገ ወዲያ ማለዳ ሰብሰብ ብለን እናረዳዋለን። ነገን አንተ አብረኸው ዋል፣ ፊትህ ላይ ምንም እንዳያይ" አሉኝ።

ስለዚህ ጎህ ሲቀድ፣ እናቴ ሳትነሳ፣ የሐዘን ፂሜን ተላጨሁ፣ ጥቁሩንም አወለቅኩ። እመኑኝ፣ የወንድሜን ሐዘን በገዛ እጄ የጨረስኩት መሰለኝ። ማንም አላየኝም።

ሀብታሙን ቂርቆስ አንድ ፉል ቤት አገኘሁት። አንተ ጩጬ ረዘምክ እኮ ብሎ ትከሻዬን መታኝና ሦስት ፉል አዘዘ። ሦስተኛው ለማን ነው ስለው፣ ለሶል ነዋ አለኝ፣ ከመኪና እንደወረደ ካዛንቺስ አግኝቶት፣ ቁርስ ብሉ፣ እደርስባችኋለሁ ብሎታል። በጭነት መኪና ሲጓዝ ያደረ ሰው ነው፣ ተምታቶበት ነው አልኩ ለራሴ፣ ልጠይቀውም ፈራሁ፣ አፌን ከከፈትኩ አለቅሳለሁ። ስንነሳ ሦስተኛው ሳህን ላይ ያለው ዳቦ ተቆርሷል። እኔ አልነካሁትም፣ ሀብታሙ ይሆናል።

በስታዲየም በኩል ወደ ካዛንቺስ ስንሄድ እሱ የድሮ ቀልዳቸውን ያወራል፣ እኔ ለመሳቅ እታገላለሁ፣ ከኋላችን ሸርተት የሚል የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ሰለሞን ኳስ ሲጫወት ከተሰበረ ወዲህ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር። ዞርኩ፣ ሰው ብዙ ነው፣ እግሩን የሚጎትት ግን የለም። ስንቆም ይቆማል፣ ስንሄድ ይከተላል። ሀብታሙ ሳይዞር እርምጃውን ቀነስ አደረገ፣ የሚደርስበትን ሰው እንደሚጠብቅ።

ምሳ ጥብስ በላን፣ እሱ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተወ። ከዚያ የድሮ ቤታችን ወደነበረበት ወሰደኝ፣ ሰፈሩ ፈርሶ አሁን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው ያለው።

"እዚህ ጋ ነው ቆሞ ያገኘሁት" አለኝ። "ቤቱ ፈርሶ እዚህ ምን ትሠራለህ ብለው ሳቀ። ግን ዮኒ፣ ታሞ ነበር እንዴ? በጣም ከስቷል።"

"ደህና ነው" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ አረዱት። አጯጯሁን አልናገርም። ወደ አዲሱ ቤታችን ይዘነው መጣን፣ እናቴ እግር ስር ተደፍቶ አለቀሰ፣ አለቀሰና ድንገት ቀና ብሎ አገጬን አየኝ።

"እማማ፣ ትናንት ሲለየኝ መልእክት ሰጥቶኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ፣ "የቀልድ መስሎኝ ረሳሁት። 'ዮናስ ፂሙን የተላጨው ለእኔ ብሎ ነው፣ እማዬ እንዳትቀየመው ንገርልኝ' ነው ያለኝ።"

ጋሽ ታደሰ አማተቡ። እናቴ አላለቀሰችም፣ እጇን ዘርግታ አገጬን ዳሰሰችኝ።

አሁን ፂሜ አድጓል። ሀብታሙ ስለዚያ ጠዋት ካነሳሁበት ተነስቶ ይሄዳል። እናቴ ግን ማታ ማታ በሩን መቀርቀር ትታለች። ተኝታለች ስል ልቀረቅረው እነሳለሁ፣ ብረቱን ይዤ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ፣ ደረጃው ላይ ሸርተት የሚል ነገር ይኖር እንደሆነ።

እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ቀርቅሬው አላውቅም።